መዝገብ የማይነግረንን ከዱቡሻ መማር

የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ስለ ሕፃናት ትምህርት ለማጥናት ወደ ጨንቻ በወጣን ጊዜ ቅጽ ይዘን ነበር። መዝገቡ ትምህርት ያቋረጡትን ቆጠረልን፤ ምክንያቱን ግን የሰማነው በዱቡሻ ከሚቀመጡ የአገር ሽማግሌዎች ነው።

ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ የሚመክርበትና ዕርቅ የሚያወርድበት አደባባይ ነው። ነገር የሚያልቀው በመስማማት ስለ ሆነ ችኩል ሰው ይቸገራል፤ እኛም ተቸግረን ነበር። የሽማግሌዎቹ ክብር በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል፤ እርጥብ ሣር ይዘው በመንበርከክ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን መልሰዋል።

እንዳስረዱን ከሆነ፣ በዶርዜና በአካባቢው ሽመና ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጥበብ ነው። የእርሻ መሬቱ ጠባብ በመሆኑም ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳሉ። «ይማራል» ተብሎ ከዘመድ ጋር የተላከው ልጅ ግን ማግ ሲያጠነጥን ይውላል። ልጁን የሚወስደው ባዳ ሳይሆን አጎት ስለሚሆን ወላጅ እምቢ ለማለት እንደሚያፍር አንድ አባት ነገሩን።

ይህን ሰምተን ደብተርና የደንብ ልብስ ብቻ ለማደል ያወጣነውን ዕቅድ ከለስን። የወላጅ ኀፍረት በደብተር አይፈታም። ነገሩ በዱቡሻ ከተወሰነ ግን አጎቱን እምቢ የሚለው አንድ አባት ሳይሆን አገሩ ይሆናል።

ስለዚህ ጉባኤያችሁ የዓመቱን ዕቅድ ከመጻፉ በፊት የትኛው ልጅ ከማን ጋር ወዴት እንደ ሄደ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። እናቶችንም ለብቻ ያነጋግር፤ በዱቡሻ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማምና።