የአራስ ልጅ ዓይን መቼ ይታያል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲሱ ገበያ አንዲት እናት በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ከሁለት እህቶች ጋር ልንጠይቃት ሄድን። ቤቱ እንደ አራስ ቤት ወግ ጨለም ብሎ መስኮቱ በነጠላ ተሸፍኗል። ገንፎ በላን፥ ጸለይን፥ ሕፃኗንም በየተራ ታቀፍን። አያቷ «ገና ዓይኗን በደንብ አልገለጠችም» ሲሉ ሰምተን አለፍን፤ ከመካከላችን ዓይኗን ያየ አልነበረም። በአምስተኛው ወር እናቲቱ ልጇ ፊቷን አትኩራ እንደማታይ ተረድታ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። በሁለቱም ዓይኖቿ ከልደቷ ጀምሮ የነበረ ሞራ ተገኘ። ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ እይታዋ ግን ሙሉ አልሆነም።

ሞራው ከወጣ ለምን አታይም? ይህ ጥያቄ እኔንም ሲያስጨንቀኝ ቆይቷል። ዓይን ብቻውን አያይም፤ ዓይን የላከውን ምስል የሚያነበው አንጎል ነው። አንጎልም ይህን ንባብ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ተመራማሪዎች የድመት ግልገልን አንድ ዓይን ለብዙ ሳምንታት ዘግተው ሲከፍቱት፥ ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ግልገሉ በእርሱ ማየት አልቻለም። ትልቅ ድመት ላይ ግን ይህ ጉዳት አልደረሰም። በ1981 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ይህም ለሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሞራቸው ዓመት ቆይቶ ቢወጣም ያያሉ፤ ድፍን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ግን በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት አካባቢ ቢታከም ይመረጣል። ሞራን የሽማግሌ በሽታ ብቻ አድርገን መቁጠራችን ጎድቶናል።

እስቲ ቀኑን እንቁጠር። በሰፈራችን ብዙ እናቶች ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ቤት ይሰነብታሉ። ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ እናት የምታርፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን 80 ቀን ከ11 ሳምንት ያልፋል። ደግነቱ የ45 ቀን ክትባት በመካከሉ ይውላል፤ እናትና ልጅ ለዚያ መውጣታቸው ስለማይቀር ዓይኑም የዚያን ዕለት ይታይ።

ጠያቂዎችም ብንሆን ማየት እንችላለን። ሕፃኑን ወደ በሩ ብርሃን አቅርባችሁ የዓይኑን ብሌን ተመልከቱ፤ ሁለቱም ጥቁር መሆን አለባቸው። ነጣ ወይም አመድማ ያለ ነገር ከታየ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የዓይን ካንሰር ነው፥ እርሱ ደግሞ ሕይወትንም ይወስዳል። በሦስት ወሩ የእናቱን ፊት በዓይኑ የማይከተል፥ ከአራት ወር በኋላም ዓይኑ የሚንሸዋረር ሕፃን ይመርመር። ትልቅ ዓይን በአገራችን ይወደሳል፤ ሆኖም እያነባ ብርሃን የሚሸሽና ጥቁሩ ደመና የለበሰ ትልቅ ዓይን የግላኮማ ምልክት ነው። መግል ከወጣው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ፤ የእናት ጡት ወተት ጠብ ማድረግ አያድነውም። ቀኑ ሳይደርስ በጣም ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ ደግሞ ምንም ባይታይበትም በ4ኛው ሳምንት አካባቢ በዓይን ሐኪም መታየት ይገባዋል።

የጤና ባለሙያው ምርመራ ራሱ ረጅም አይደለም። በትንሽ መብራት ወደ ብሌኑ ያያል፤ ከሁለቱም ዓይኖች እኩል ቀላ ያለ ነጸብራቅ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወደ ዓይን ሐኪም ይላካል፤ በከተማችን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሕፃናት የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ባለሙያው ረስቶት እንደሆነ የክትባት ካርዱን ስትሰጡ «ዓይኗንም ይዩልን» በሉ።