በፊት ስለሚባለው ቃል

ያለፈውን ነገር በተራ ለማቆም በአማርኛ ከሚያገለግሉት ቃላት አንዱ በፊት የሚለው ነው፤ ሥሩም ፊት ነው። ኹለት ሰዎች ከንፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በቀጭን መንገድ ቢሄዱ፥ የሚመራው ፊተኛ፥ የሚከተለው ኋለኛ ይባላል። የጊዜም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ቀድሞ የሆነው በፊት፥ ተከትሎ የመጣው በኋላ ሆነ ይባላል። ወደ ፊት ሲባል ግን ገና የሚመጣውን ያመለክታል፤ መንገደኛ ያልደረሰበትን አገር ፊት ለፊት ያያልና።

አገባቡም ሊስተዋል ይገባል። በኋላ የሚለው ኀላፊ ግሥ ይሻል፤ «ከነጋ በኋላ ሄደ» ይባላልና። በፊት ግን ብዙ ጊዜ አሉታ ይቀድመዋል፤ «ሳይነጋ በፊት ሄደ» ይባላል። ስለዚህ በፊት ብሎ የሚናገር ሰው ኹለት ነገር ይመሰክራል፤ አንዱ እንደ ተደረገ፥ ኹለተኛውም ያን ጊዜ ገና እንዳልተደረገ።

በጋይንት ኹለት ጎረቤታሞች ተካሰው ከዳኛ ፊት ቆሙ እንበል። የአንዱ በሬ የሌላውን ገብስ በልቷል፤ ባለገብሱም ባለበሬውን በዱላ መትቷል። ይህን ኹለቱም አይክዱም። ነገር ግን ባለገብሱ «ገብሴን ካስበላ በኋላ መታሁት» ይላል። ባለበሬውም «ሳይመታኝ በፊት በሬዬ ከእጄ አልወጣም፤ መትቶ ሲጥለኝ ነው ያመለጠኝ» ይላል። ያየው አንድ እረኛ ብቻ ነው፤ እርሱም የባለበሬው የእኅቱ ልጅ ነው፤ እንጀራውንም የሚበላው ከአጎቱ ቤት ነው። እረኛው ተጠርቶ ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻም አጎቱን ቀና ብሎ ሳያይ «በሬው አስቀድሞ ገብቶ ነበር» አለ። ዳኛውም አጎቱ የገብሱን፥ ባለገብሱም የዱላውን ካሳ እንዲከፍሉ ፈረደ። ገብስ መበላቱ መቅደሙ እውነት ነው፤ ዱላውን ግን ትክክል አያደርገውም።

የነገሥታትም ታሪክ በዚህ ሚዛን ይመዘናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ የጻፉት በ1855 ዓመተ ምሕረት ነው። መልሱ ሳይመጣላቸው ቆይቶ፥ በ1856 የእንግሊዙን ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። የእንግሊዝ ጦር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1860 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በዚያው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ፤ በሚያዝያም በዚያ ሞቱ። ደብዳቤውን ትቶ ከእስራቱ የሚጀምር ተራኪ እስራቱን ያለ ምክንያት የሆነ ያስመስላል። በደብዳቤው መቅደም ብቻ እስራቱን የሚያጸድቅም እንደ ባለገብሱ ይሳሳታል።

እንግዲህ ተማሪ ስለ ጠብ ሲጠየቅ፥ ምን እንደ ተደረገ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደ ቀደመ አስቦ ይመልስ። ኹለት እውነት ተራቸው ሲገለበጥ አንድ ሐሰት ይሆናሉና።