ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን፦ መግቢያ የማይከፈልባቸውን ሥፍራዎችና ገበያዎች የመጎብኘት አሠራር

ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሦስት ከተሞች ናቸው። በባስ ለሚያልፍ ሰው የአንዱ ማለቂያና የሌላው መጀመሪያ አይለይም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ኤምሬት የሚባል ግዛት ስለሆነ የራሱ ገዥ፣ የራሱ ደንብና የራሱ ትራንስፖርት አለው። የባሕሩ ዳርቻ፣ ክሪክ የሚባለው ወደ መሀል ከተማ የገባው ውኃ፣ የአሮጌ ሰፈሮቹ መተላለፊያዎችና ገበያዎቹ በአብዛኛው መግቢያ አይጠየቅባቸውም። ኪስ የሚያራቁተው መመላለሱ ነው። አንዱን ከተማ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መሻገር፣ ከዚያ አምሽቶ በታክሲ መመለስ የሳምንቱን ወጪ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀንና ሰዓት ይቆረጣል።

ቀንና ሰዓት መቁረጥ

የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የአገሪቱ መንግሥት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ፀሐይ ላይ ማሠራትን ከልክሏል (በዚህ ጽሑፍ ሰዓት የሚቆጠረው በሐበሻ አቆጣጠር ነው)። ለቀን ሠራተኛ የተከለከለ ፀሐይ ለእግረኛ ጎብኚም አይመከርም፤ በእነዚህ ወራት ጉብኝት የሚባለው ነገር ከመሸ በኋላ ነው የሚጀምረው።

የቆዩት ገበያዎች ሱቆች ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ተዘግተው 10 ሰዓት ገደማ ይከፈታሉ። ዓርብ ጠዋት ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው ሕይወት የሚዘሩት። በረመዳን ቀኑ ጭር ብሎ ገበያው ወደ ሌሊት ይዞራል፤ በዚያ ወር በቀን አደባባይ ላይ አለመብላትና አለመጠጣት የአክብሮት ጉዳይ ነው። የሳምንቱ ዕረፍት ከጃኑዋሪ 2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ሆኗል፤ ሻርጃ ዓርብንም ጨምራ ሦስት ቀን ታርፋለች። በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረ ሰው በ2022 በወጣው ሕግ ቁጥር 9 መሠረት በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው የማረፍ መብት አለው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሦስቱንም ከተሞች በዚያ ቀን ልጨርስ ባይል ይሻለዋል፤ አንድ ቀን ለዱባይ ክሪክ፣ ሌላው ለሻርጃና ለአጅማን ቢመደብ ይበቃል።

ካርድና መንገድ

ቀጥሎ የዱባይ ሜትሮና ባስ የሚከፈልበት ኖል ካርድ ይዘጋጃል። ሲልቨር የሚባለው በሜትሮ ጣቢያ በ25 ድርሃም ይሸጣል፤ ከዚያ ውስጥ 19 ድርሃሙ ለጉዞ የሚያገለግል ሂሳብ ነው። የሜትሮ ዋጋ በዞን ይቆጠራል፦ በአንድ ዞን ውስጥ 3፣ ወደ ጎረቤት ዞን 5፣ ከዚያ በላይ 7.50 ድርሃም። በሜትሮ ውስጥ ማስቲካ ማኘክ እንኳ አይፈቀድም፤ መብላትና መጠጣት 100 ድርሃም ያስቀጣል። የሴቶችና የሕፃናት ክፍል ላይ ሳያይ የተሳፈረ ወንድም እንዲሁ 100 ይከፍላል። ከምልክት ውጭ አስፋልት የሚያቋርጥ እግረኛ ቅጣቱ 400 ድርሃም ነው፤ ብዙ ሰው «ነፃ» ብሎ የወጣበት ቀን የሚበላሸው በዚህ ነው። ከተማ የሚያቋርጠው ባስ ወደ 12 ድርሃም ስለሚያስከፍል ካርዱ ላይ በቂ ሂሳብ መኖሩ አስቀድሞ ይታያል። መታወቂያ፣ ውኃ፣ ኮፍያ፣ ትንንሽ ድርሃምና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ በቦርሳ ይገባሉ።

ዴይራ፦ ቅመምና ወርቅ

የዱባይ ቀን በክሪኩ አንድ ዳር ባለው ዴይራ ሰፈር፣ ከአረንጓዴው የሜትሮ መስመር አል ራስ ጣቢያ ይጀመራል። ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ሲኬድ ሽታው ራሱ የቅመም ገበያውን ይጠቁማል። በጆንያ አፍ ላይ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ እርድ፣ የደረቀ ሎሚና የጽጌረዳ እምቡጥ ተከምሯል፤ ከጎኑ ዕጣን በየደረጃው ተለይቶ ይታያል። ዕጣኑ ከኦማንና ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ ነው፤ ሐበሻ አገሩ በርካሽ የሚያገኘውን እዚያ በውድ እንዳይገዛ ማሰብ አለበት። እዚህ የሚሠራው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ የተጠራው ዋጋ ለስንት ግራም እንደሆነ ሚዛን ላይ ከመጫኑ በፊት ይጠየቃል። በተለይ ሳፍሮን ላይ «30 ድርሃም» ማለት ለ1 ግራም ይሁን ለ10 ግራም ሳይለይ እሺ ማለት አይገባም። ማሽተትና መቅመስ ይፈቀዳል፤ ቀምሶ መሄድም ነውር አይደለም።

ከቅመሙ ገበያ ወደ ወርቁ የሚኬደው በእግር ነው። በጣሪያ የተከለለው የወርቅ ገበያ ጎዳና ላይ ሳይገዙ መስኮት ለመስኮት መሄድ ብቻውን ጉብኝት ነው፤ በክብደቱ ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው ወደ 64 ኪሎ የሚመዝነው ቀለበትም ለእይታ የቀረበው በዚሁ ገበያ ነው። በመንገዱ ላይ «ኮፒ ዋች፣ ኮፒ ባግ» እያሉ በለሆሳስ የሚከተሉ ሰዎች አሉ። ዕቃው የውሸት ብራንድ ነው፤ ለእነሱ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ይሻላል፣ ወደ ፎቅ ተከትሎ መውጣት ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

ለመግዛት የመጣ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ የዕለቱ የግራም ዋጋ በሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ ይህ ዋጋ በየሱቁ አንድ ስለሆነ ክርክር አይነሳበትም። ከዚያ ካራቱ በማኅተሙ ይረጋገጣል፦ 24 ካራት 999፣ 22 ካራት 916፣ 21 ካራት 875፣ 18 ካራት 750 ይላል። ጌጡ በዓይን እያዩት ይመዘናል፤ ድንጋይ ካለበት የድንጋዩ ክብደት ከወርቁ እንዲለይ ይጠየቃል። በመጨረሻ የእጅ ሥራው ለብቻው ይጠየቃል። ድርድሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። 10 ግራም በሚመዝን አምባር ላይ ሻጩ ለሥራ በግራም 15 ድርሃም ጠርቶ 8 ላይ ቢስማማ 70 ድርሃም ይቀንሳል፤ 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱም ስለሚያንስ ቅናሹ 73.50 ይሆናል። ወርቁ፣ ሥራውና ታክሱ ተለይተው የተጻፉበት ደረሰኝ ሳይያዝ ከሱቅ አይወጣም። በቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው ከ250 ድርሃም ጀምሮ ለገዛው ዕቃ ታክሱን በኤርፖርት ማስመለስ ይችላል፤ ነገር ግን ሱቁ በአሠራሩ የታቀፈ መሆኑንና ግዢው በፓስፖርት መመዝገቡን እዚያው ማረጋገጥ አለበት።

ዓሣ ለሚፈልግ በዴይራ ዳርቻ ያለው ዋተርፍሮንት ማርኬት አለ። ገበያው በ2017 የተከፈተና በማቀዝቀዣ የሚሠራ ነው። ሃሙር፣ ሸሪ፣ ኪንግ ፊሽና ሽሪምፕ በኪሎ ይገዛል፤ የተገዛው ወደ ማጠቢያው ክፍል ተወስዶ በጥቂት ክፍያ ይጸዳል፣ ይቆረጣል፣ ከፈለጉም እዚያው ባሉ ቤቶች ይጠበሳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እዚህም ሳይነሳ አይቀርም፤ በገበያው መፍትሔ አያገኝም።

ክሪኩን መሻገር

ከቅመም ገበያው ፊት ለፊት ካለው መሳፈሪያ አብራ የሚባለው የእንጨት ጀልባ ከማዶ ወዳለው ቡር ዱባይ ሰፈር ይሻገራል። ዋጋው 1 ድርሃም ነው፤ ለጀልባው ሾፌር በእጅ ይሰጣል። ተሳፋሪ መሀል ላይ ባለው አግዳሚ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ወደ ውኃው ያያል፤ መደገፊያ ስለሌለው ልጅ የያዘ ሰው ከዳር ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ። ጀልባውን ብቻዬን ልከራይ የሚል ካለ ዋጋው ሌላ ነው፤ በሰዓት ይቆጠራል። በዴይራ በኩል ዳው የተባሉት የጭነት ጀልባዎች ከቆሙ ዳርቻው ላይ ጎማ፣ ፍሪጅና ካርቶን ተቆልሎ ይታያል።

በቡር ዱባይ መውረጃው ላይ የጨርቅ ገበያው ይቀበላል። አንዳንዱ ሻጭ በሜትር፣ አንዳንዱ በያርድ ይሸጣል፤ ያርድ 91 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ለቀሚስ የሚገዛ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢቀር ጨርቁ ያጥረዋል። ከገበያው ወደ አል ፋሂዲ ሰፈር በእግር ይደረሳል። ቤቶቹን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ መሥራት የጀመሩት ከፋርስ ምድር የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከየጣሪያው የወጣው ባለ አራት ገጽ ግንብ ነፋስ ከየትኛውም አቅጣጫ ይዞ ወደ ክፍሉ የሚያወርድ የዚያ ዘመን ማቀዝቀዣ ነው። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች መዘዋወር በነፃ ነው፤ ሰዎችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ግን በሕግ ያስጠይቃል፣ ይህ በባሕር ዳርም በገበያም ይሠራል።

የቀረውን ዱባይ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ለዋና ካይት ቢች፣ ኡም ሱቀይምና ጁመይራ ዳርቻ ክፍት ናቸው፤ የጁመይራ ኮርኒሽ የእግርና የሩጫ መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ያለው ፋውንቴን በምሽት በየግማሽ ሰዓቱ ይታያል፤ ከአደባባዩ ለሚያይ አይከፈልበትም፣ ወደ ውኃው በተጠጋው መድረክ ግን ይከፈላል። በብርዱ ወራት ፍላሚንጎ የሚሰፍርበት ራስ አል ኾር መመልከቻም በነፃ ነው። ዱባይ ፍሬም፣ ሚራክል ጋርደንና ግሎባል ቪሌጅ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ አል ማምዘር ፓርክ እንኳ 5 ድርሃም ይጠይቃል።

ሻርጃ

ከዱባዩ አል ጉበይባ ጣቢያ የሚነሳው ኢ306 ወይም ከዩኒየን ጣቢያ የሚነሳው ኢ303 ባስ ወደ ሻርጃ አል ጁበይል ጣቢያ ያደርሳል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ምሽት፣ ወደ ሻርጃ የሚወስደው መንገድ ይዘጋጋል፤ ቀደም ብሎ መነሳት ወይም ጨርሶ ማምሸት ይሻላል። ሻርጃ መጠጥ የተከለከለባት፣ ስለ አለባበስም በ2001 የወጣ ደንብ ያላት ኤምሬት ናት፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ከነገር ያድናል።

በጣቢያው አጠገብ ሱቅ አል ጁበይል አለ፤ ዓሣ፣ ሥጋና አትክልት በየክንፉ የተለየበት ገበያ ነው። ከዚያ በእግር የሚደረስበት ሰማያዊው ገበያ በ1978 የተከፈተ ሲሆን ሁለቱን ረጃጅም ሕንፃዎች የሚያገናኙ ድልድዮች አሉት፤ በወረቀቱ የ5 ድርሃም ኖት ላይ ያለው ሥዕል ይህ ነው። ታችኛው ፎቅ ላይ ወርቅና ልብስ፣ ላይኛው ላይ ምንጣፍና አሮጌ ዕቃ ይበዛል። የላዩ ፎቅ ጸጥ ያለ በመሆኑ ዋጋ ለመቁረጥ ይመቻል። ወደ አሮጌው ሰፈር ሲኬድ ደግሞ ሱቅ አል አርሳ ይገኛል፤ ትንሽና በጣሪያ የተሸፈነ፣ ከአገሪቱ ቀደምት ገበያዎች አንዱ ነው። ማታ ላይ ኻሊድ የሚባለውን ውኃ ዞሮ በአል መጃዝ መናፈሻ ዳርቻ መቀመጥ ነው፤ በ2005 የተከፈተው ባለ ኦቶማን ቅርጽ ኑር መስጊድ ከማዶ በብርሃን ይታያል።

አጅማን

አጅማን ከአገሪቱ ሰባት ኤምሬቶች ትንሿ ናት፤ ስፋቷ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮርኒሿ ክፍት አሸዋ ነው፤ ለሦስቱም ከተማ ነዋሪ በርካሽ የሚደረስበት የባሕር ዳር ይህ ስለሆነ ዓርብ ማታ ይጨናነቃል። ከደጋ አገር የመጣ ሰው ባሕሩ ረጋ ብሎ ሲያየው ሊደፍረው አይገባም፦ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አይገባም፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ ከሌለ ከወገብ በላይ አይጠለቅም፣ ብቻን አይዋኝም። ጨዋማው ውኃ ሰውነትን ስለሚያንሳፍፍ ዋና የቻሉ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

በወደቡ አጠገብ የዓሣ ገበያው አለ። ጀልባዎች ሲገቡ ዓሣው መሬት ላይ በክምር ተዘርግቶ በጨረታ ይሸጣል፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ አዋጥቶ አንድ ክምር ቢያነሳ በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል። የኢራን ገበያው ለድስት፣ ለፕላስቲክ ዕቃና ለአበባ ማሰሮ፣ የሳሌህ ገበያ ለልብስና ለጨርቅ ይኬድባቸዋል። የአጅማን ምሽግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን ገዥዎቹ እስከ 1970 ኖረውበታል። ወደ ውስጥ ለመግባት ቢከፈልም ግድግዳውን በውጭ ለማየት አይከፈልም፤ በ2022 የወጣው አዲሱ የፕላስቲክ 5 ድርሃም ላይ ያለውም ይኸው ምሽግ ነው። ወፍ ማየት የሚወድ በታክሲ ወደ አል ዞራ ማንግሮቭ መሄድ ይችላል።

ለመመለስ ወደ ዱባይ ዩኒየን የሚሄደው ኢ400 ባስ ይያዛል። የሚያመሽ ሰው የሜትሮውን መዝጊያ ያስላ፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ዓርብ እስከ 7 ሰዓት ይሠራል። እሑድ ጠዋት የሚጀምረው 2 ሰዓት ላይ ስለሆነ ማልዶ ለመነሳት ያሰበ ሰው መነሻውን በባስ ያደርጋል።