ስለ ጦርና ስለ ፍላጻ ጫፍ አመራረጥ



የአደን መሣሪያ ነገር ሲነሣ አብዛኞቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ ያለፈ ዘመን ወሬ ነው ብለን እንተወዋለን፤ ወይም የጀግንነት ጉዳይ ብቻ አድርገን እንፎክርበታለን። በሁለቱም መንገድ የሚዘነጋ አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም በአንዲት የጦር ጫፍ ውስጥ ፊዚክስም፣ የእንስሳት አካል ጥናትም፣ የብረት ሥራ ጥበብም ተጠቃለው መገኘታቸው ነው። ጫፉ ሰፊ ወይም ጠባብ፣ ረጅም ወይም አጭር የሚሆነው በሠሪው አምሮት አይደለም። ጫፍ የሚመረጠው በሚገፋው ኃይልና በሚያርፍበት አካል ልክ ነው። የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ይህን ማስረዳት፣ ቀጥሎም ዕውቀቱ በኛ አገር በማን እጅ እንደ ኖረ ማሳሰብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ጫፍ» ስንል ሹሉን ነጥብ ብቻ ሳይሆን፣ በዘንጉ ወይም በፍላጻው ራስ ላይ የሚሰካውን ስለት በሙሉ ማለታችን ነው።

1. ስለሚታደነው እንስሳ

በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ ቀስት አደን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ዲር ስለሚባለው እንስሳ ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ስም «አጋዘን» እያሉ ይመልሱታል። የኛ አጋዘን ግን ከዚያ ወገን አይደለም። የዲር ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ እንደ ገና ያበቅላል፤ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋና ቆርኬ ግን ያበቀሉትን ቀንድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት ይኖራሉ። በአፍሪካ ምድር የዲር ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ አካባቢ ነው።

ለያዝነው ትምህርት ግን ልዩነቱ ብዙ አያሳስብም። በሁሉም ዘንድ ልብና ሳንባ ከፊት እግር ጀርባ፣ በጎድን አጥንት ታጥረው ይገኛሉ። የሚለያየው ግዝፈቱ ነው። ሚዳቋ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ኪሎ አትበልጥም፤ ቆርኬ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቆዳውም፣ ጎድኑም፣ ከቆዳ እስከ ሳንባ ያለው ርቀትም በዚያው መጠን ይለያያል። ስለዚህ ለሚዳቋ የሚበቃ ጫፍ ለቆርኬ ላይበቃ ይችላል።

2. ጫፍ እንዴት ይሠራል?

ጥይት በታላቅ ፍጥነት ገብቶ ሥጋን ይቀጠቅጣል፤ አጥንትም ይሰብራል። ጦርና ፍላጻ ግን የሚገድሉት በመቁረጥ ነው። ስለቱ የደም ሥሮችን ይቆርጣል፤ ደም ይፈሳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲጎድል እንስሳው ይወድቃል። ሁለቱም ሳንባዎች ከተቆረጡ ይህ የሚሆነው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው። ሆዱ ወይም ጭኑ ብቻ ከተነካ ግን እንስሳው ሸሽቶ ለሰዓታት ይሠቃያል፤ አዳኙም ያጣዋል።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ደንብ፣ ከቅርጽ ሁሉ በፊት የስለት ጥራት እንደሚቀድም ነው። የደም ሥር እንደ ላስቲክ የሚሳብ ነገር ነው። የደነዘ ብረት ሲመጣበት ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ አይቆረጥም። የተሳለ ብረት ግን ሳይገፋው ይቆርጠዋል። ሞረድ ብቻ የነካው ስለት ሸካራ ሆኖ ይቀራል፤ ቀጥሎ በለስላሳ መሳያ ድንጋይ የተሳለ ግን ይጠራል። ውድ ብረት ገዝቶ ሳይስል ከሚወጣ አዳኝ ይልቅ፣ ተራ ብረት ይዞ ደኅና አድርጎ የሳለ አዳኝ ይሻላል።

3. የሚገፋው ኃይል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሁለት መሣሪያዎችን እናወዳድር። አንደኛው ከዘመናዊ ቀስት የተወነጨፈ፣ 30 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ይሁን፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 80 ሜትር ነው እንበል። ሁለተኛው በእጅ የተወረወረ፣ 1 ኪሎ የሚመዝን ጦር ይሁን፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 15 ሜትር ነው እንበል።

የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚገኘው የክብደቱ እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው። ስናሰላው የፍላጻው 96 ጁል፣ የጦሩ 112.5 ጁል ይሆናል። በዚህ ብቻ ከፈረድን ሁለቱ እምብዛም አይበላለጡም።

ሞመንተም የሚባለውን፣ ማለት ክብደት በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘውን፣ ስናወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የፍላጻው 2.4፣ የጦሩ 15 ይሆናል። ጦሩ ከ6 ጊዜ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ቆዳና ሥጋ በሚቃወሙት ጊዜ ፍላጻው ቶሎ ይቆማል፤ ጦሩ ግን እየገፋ ይሄዳል።

ሁለተኛው ደንብ ከዚህ ይወጣል፤ ከባድ ዘንግ ሰፊ ጫፍ መሸከም ይችላል፤ ቀላል ዘንግ ግን ጠባብ ጫፍ ይፈልጋል። በሐዲያና በከምባታ አገር የታወቀው መሣሪያ ጦር ነው። የአገራችን ጦር ጫፍ እንደ ቅጠል ሰፋ ብሎ፣ መካከሉ ላይ አከርካሪ የመሰለ ጉብታ ኖሮት የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘንጉ ከበድ ያለ በመሆኑ ስፋቱን ይገፋዋል፤ ጉብታውም ብረቱ አጥንት ሲነካ እንዳይታጠፍ ያግዘዋል። ያንኑ ቅጠል በቀጭን ፍላጻ ላይ ብንሰካው ግን ፍላጻው ከመንገዱ ይዛነፋል፤ ቢደርስም ቆዳ በስቶ ይቀራል።

4. ስለ ቅርጹ

ጫፍ ሽብልቅ ነው። እንጨት ፈላጭ የሚጠቀምበት ሽብልቅ ቀጭንና ረጅም ሲሆን በቀላሉ እንደሚገባ፣ ደንዳናና አጭር ሲሆን ግን ብዙ መዶሻ እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ጫፍ ርዝመቱ የወርዱ 3 እጥፍ ነው። ርዝመቱም ወርዱም 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ጫፍ ግን እኩል ለእኩል ነው። የመጀመሪያው ጠልቆ ይገባል፤ ሁለተኛው ሰፊ ቁስል ያደርጋል፤ ነገር ግን ብዙ ጉልበት ይበላል።

በአሜሪካ የሚሸጡት የፍላጻ ጫፎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ስለቱ የማይንቀሳቀስ፣ ባለ 2፣ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ስለት ነው። ሁለተኛው በጉዞ ላይ ተጣጥፎ፣ ሲመታ የሚዘረጋ ነው። ክብደታቸው ብዙውን ጊዜ 100 ወይም 125 ግሬን፣ ማለት 6.5 ወይም 8.1 ግራም ያህል ነው። የሚዘረጋው ዓይነት በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን ካለው ጉልበት ከፊሉን ለመዘርጋት ይከፍላል። ስለዚህ ቀስቱ ደካማ የሆነበት ሰው የማይንቀሳቀሰውን፣ በተለይም ባለ 2 ስለቱን፣ ቢመርጥ ይሻለዋል። ጫፉ ከልክ በላይ ጠቦ እንስሳውን አቁስሎ ብቻ እንዳይተወውም፣ እንደ ኮሎራዶ ባሉ ክፍላተ አገር ወርዱ ከ7/8 ኢንች፣ ማለት ከ22 ሚሊ ሜትር ያህል እንዳያንስ ሕጉ ያዛል።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነው በመርዝ የሚሠራ ፍላጻ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ሶማሌዎች ዋባዮ ከሚሉት ዛፍ መርዝ አውጥተው ፍላጻቸውን ይቀቡ ነበር። ልብን የሚያቆመው ኡዋባይን የተባለው ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። መርዙ ሥራውን ስለሚሠራ ጫፉ ቆዳ በስቶ ደም ከነካ ይበቃዋል፤ ብዙ መቁረጥ አያስፈልገውም። እንግዲህ ጫፍ የሚመረጠው በሚሠራው ሥራ መሆኑን ይህም ያረጋግጥልናል።

5. ጫፍን መለካት

የጥንት ዘመን ተመራማሪዎች ከመሬት ያወጡት ጫፍ የፍላጻ ይሁን የጦር ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት አላቸው። የጫፉን ትልቁን ወርድና ትልቁን ውፍረት አባዝተው ለ2 ያካፍላሉ። ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወርዱ 40፣ ውፍረቱ 6 ከሆነ 120 ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆን ሺ የተባሉ ሊቅ ባሳተሙት ጥናት፣ የፍላጻ ጫፎች አማካይ 33፣ የቀላል ውርውር 58፣ በእጅ ተይዞ የሚወጋበት ጦር 168 ካሬ ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ልኩ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ነገር ግን ቀደም ሲል በሒሳብ ያየነው ደንብ በእውነተኛ ዕቃዎች ላይም እንደሚታይ ይመሰክራል።

ደንቡ ብረት ከመታወቁ እጅግ አስቀድሞ ይሠራ ነበር። ከሆሳዕና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጋዴሞታ የሚባል ጉብታ አለ። በዚያ ከኦብሲዲያን፣ ማለት መስታወት ከሚመስለው ጥቁር ባልጩት፣ የተሠሩ ሹል ጫፎች ተገኝተዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የጫፎቹን ስብራት በማጉያ መነጽር መርምረዋል። ባልጩት ሲሰበር ፊቱ ላይ የሚቀሩት ጥቃቅን መስመሮች ስንጥቁ ምን ያህል እንደ ፈጠነ ይናገራሉ። ከዚህም ተነሥተው፣ ከ279,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ ካላቸው ጫፎች አንዳንዶቹ በውርውር ጦር ላይ የነበሩ መሆናቸውን ደምድመዋል።

6. ዕውቀቱ በማን እጅ ኖረ?

ባልጩት የመጥረብ ጥበብ ከጋዴሞታ ሰዎች ጋር አልጠፋም። በሐዲያ የሚኖሩ ቆዳ ሠሪዎች ከኦብሲዲያን ጠርበው በእንጨት እጀታ ላይ በሚሰኩት መፋቂያ ቆዳ ሲያለፉ ኖረዋል። ስለቱ ሲደነዝ እንደ ገና ይጠርቡታል፤ ሲያልቅ ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዮናታን ሳህሌ፣ አጋዚ ነጋሽና ዴቪድ ብራውን ስለ እነዚሁ የሐዲያ መፋቂያዎች ጥናት አሳትመዋል። የዓለም ሊቃውንት የጥንቱን የድንጋይ መሣሪያ ለመረዳት ትምህርት የሚፈልጉት ከኛው ጎረቤቶች ነው ማለት ነው።

እኛስ እነዚህን ሰዎች እንዴት ያዝናቸው? በሐዲያና በከምባታ፣ እንደ ብዙው የደቡብ አገር ሁሉ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ኖረዋል። ጋብቻ ተከልክለዋል፤ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙዎቹ የራሴ የሚሉት መሬት አልነበራቸውም። «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ»፣ «ፉጋ» የሚሉት ቃላት የስድብ ቃላት ሆነው ቀርተዋል። በጦሩ የፎከረው ሰው ተከበረ፤ ጦሩን በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ ወርዱንና ውፍረቱን ከዘንጉ ጋር ያመዛዘነው ሰው ግን ተናቀ። ከላይ በሒሳብ ያሰላነውን ነገር ያ ሰው በዓይኑና በእጁ ያውቀው ነበር። ልጆቹ ስድቡን ሽሽት ሙያውን ሲተዉት ጥበቡ ሳይጻፍ ይቀበራል።

7. ምን ማድረግ እንችላለን?

ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደ ዱር ለመላክ የተጻፈ አይደለም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ጎረቤታችን በሰንቀሌ የሚጠበቀው የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ ቁጥሩም አነስተኛ ነው። በዚህ ዘመን እርሱ የሚፈልገው ጠባቂ እንጂ አዳኝ አይደለም።

ነገር ግን ጫፉን ማደን እንችላለን። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ የምንማር ሁሉ የዕረፍት ጊዜያችንን ስናሳልፍ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጦር አናጣም። ማስመሪያና ሚዛን ይዘን ባለቤቱን በአክብሮት እናስፈቅድ። የጫፉን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት፣ የጦሩንም ሙሉ ክብደት እንመዝግብ። ከሁሉም በላይ ማን እንደ ሠራው እንጠይቅ፤ ሠሪው በሕይወት ካለ ቤቱ ሄደን፣ ቡናውን ጠጥተን፣ ለምን በዚያ ልክ እንደ ሠራው ከአፉ እንስማ። መልሱንም በራሱ ቋንቋ፣ በሐዲይሳ ወይም በከምባትሳ፣ ለመሣሪያውና ለክፍሎቹ ከሚሰጠው ስም ጋር እንጻፍ።

ከልዩ ልዩ ቀበሌ የመጡ 20 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 3 ጦር ቢለኩ 60 ልኬት ይሆናል፤ ለአንድ ደኅና የጥናት ጽሑፍ የሚበቃ መነሻ ነው። ከልኬቱ የሚበልጠው ትርፍ ግን ሌላ ነው። «ቀጥቃጭ» ተብሎ ከደጅ የተመለሰ ሰው፣ ተማሪ ደብተር ይዞ «አባባ፣ ያስተምሩኝ» ብሎ ፊቱ ሲቀመጥ ያያል።