ግማሽ ቀን በሞቼና ቦራጎ፦ የመስክ ትምህርት እንዴት ይመራል?

በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቅድሚያ የሚሮጠው ወደ ግሪክ ቤተ መቅደስ ነው። ከአቴንስ ተነሥቶ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሱንዮን ከሚባለው ገደል ይደርሳል። በዚያም ከባሕሩ 60 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ440ዎቹ ዓመታት ለባሕር አምላካቸው ለፖሲዶን የሠሩት ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ቆሟል። ጐብኚዎች ለብቻቸው መኪና ተከራይተው ይሄዱና በግማሽ ቀን አይተውት ይመለሳሉ።

ታዲያ እኛ ሶዶ ተቀምጠን በግማሽ ቀን ደርሰን የምንመለስበት ጥንታዊ ቦታ የለንም ወይ? አለን እንጂ! ጠዋት ጠዋት ከመስኮታችን በምናየው በዳሞታ ተራራ ላይ ሞቼና ቦራጎ የተባለው የድንጋይ መጠለያ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው እጩ መምህራን ወደፊት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደዚህ ቦታ፣ ወይም ይህን ወደ መሰለ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ትምህርቱን እንዴት መምራት እንደሚገባቸው ነው። ጉብኝት ሁሉ ትምህርት አይደለምና።

ሀ. ቦታው ምንድን ነው?

ዳሞታ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ሞቼና ቦራጎ የሚገኘው በተራራው ደቡብ ምዕራብ ገጽ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስፋቱ ወደ 70 ሜትር፣ ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀት ወደ 20 ሜትር ይሆናል። በዝናብ ወራት ከአፋፉ ላይ ውሃ እየተወረወረ ከፊት ለፊቱ ይወርዳል። አምድ የለው፣ ጣሪያው የተፈጥሮ አለት ነው። ላይ ላዩን ብቻ ያየ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ዋሻ ነው እንዴ? ለዚህ ነው የመጣነው?» ቢል አይፈረድበትም።

የቦታው ሀብት ያለው ከመሬቱ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በስፍራው ቁፋሮ አካሂደዋል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት በስቲቨን ብራንት የተመራ ቡድን ሥራውን በስፋት ቀጠለ። የተገኘው ነገር ሲጠቃለል፦ በእሳተ ገሞራ አመድና በአፈር ንብርብሮች መካከል ሰዎች የሠሯቸው የድንጋይ መሣሪያዎችና የእሳት ከሰል ተገኝተዋል። ከንብርብሮቹ ጥንታዊ የሆኑት ዕድሜያቸው 50,000 ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ነው። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ከባልጩት፣ ማለትም መስታወት ከመሰለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ባልጩቱ ከመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ከሞቼና ቦራጎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ባንቱ ነው። የዚያ ዘመን ሰው የትኛው ድንጋይ ለሥራው እንደሚሆንና የት እንደሚገኝ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ አንድ ትልቅ ጥያቄም አንሥተዋል። ዓለም በበረዶ ዘመን ሳለች የምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ክፍል በደረቀባቸው ጊዜያት፣ ዝናብ የማያጣው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ለሰው ልጆች መጠጊያ ሆኖ ይሆን? ይህ መላ ምት ነው። ለተማሪም መላ ምት ነው ብሎ መንገር ተገቢ ነው፤ ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አድርጎ ማስተማር የመምህር ሥራ አይደለም።

ለ. ከመሄድ በፊት

የመስክ ትምህርት የሚጀምረው በክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው 50,000 ዓመት ሲባል ቁጥሩን ይጽፈዋል እንጂ አይታየውም። ስለዚህ ርካሽ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንጠቀም፤ 5 ሜትር ገመድ ይበቃል። እያንዳንዱ ሜትር 10,000 ዓመት፣ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 100 ዓመት ይሁን። ሁለት ተማሪዎች ገመዱን ወጥረው ይያዙ። የገመዱ አንድ ጫፍ ዛሬ ነው። ካዎ ጦና የተማረኩበት እ.ኤ.አ. 1894 ዓመት ከዚህ ጫፍ ከ1 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የሱንዮን ቤተ መቅደስ 25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይውላል። በትግራይ የሚገኘው የየሃ ቤተ መቅደስ ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የሞቼና ቦራጎ ጥንታዊ ንብርብሮች ግን ያሉት በሌላኛው ጫፍ፣ 5 ሜትር ላይ ነው። ይህን ያየ ልጅ «ግሪክ እኮ ቅርብ ነው!» ማለቱ አይቀርም።

ከሒሳብና ከሳይንስ መምህራን ጋር መተባበርም ይቻላል። የከሰሉ ዕድሜ የሚለካው በካርቦን 14 ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሲሞት በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ11,460 ዓመት በኋላ የሚቀረው ሩብ ነው። ተማሪዎች እያካፈሉ ወደ 50,000 ዓመት ሲደርሱ የሚቀረው ከ400 እጅ አንዱ እንኳ እንደማይሞላ ያገኛሉ። ዘዴው ከዚህ ዕድሜ በላይ ለምን እንደማያስተማምን ያን ጊዜ ራሳቸው ይነግሩናል።

የጉዞው ዝግጅት እንደሚከተለው ነው።

1. አስቀድሞ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌው ጋር መነጋገርና ፈቃድ ማግኘት።
2. መምህሩ ብቻውን ወይም ከባልደረባው ጋር ቀድሞ ሄዶ መንገዱን ማየት። መኪና እስከ የት እንደሚደርስ፣ በእግር የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ሳያውቁ ልጆች ይዞ መውጣት አይገባም።
3. በክረምት አለመሄድ። መንገዱ ያዳልጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።
4. አንድ ክፍል ብቻ መውሰድ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ከሄደ ግርግር ይሆናል።
5. ለየቡድኑ አንድ ጥያቄ ብቻ መስጠት፦ አንዱ ቡድን ውሃውን፣ ሌላው አለቱን፣ ሦስተኛው ከቦታው የሚታየውን አገር፣ አራተኛው የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚሉትን ይመዝግብ።

ሐ. በቦታው ላይ

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ለመመለስ ከታቀደ፣ በመጠለያው ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መቆየት አያስፈልግም። በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። ከዚያ መምህሩ ከመናገሩ በፊት ይጠይቅ። «እናንተ ብትሆኑ እዚህ ለምን ታድሩ ነበር?» ልጆቹ ውሃ ቅርብ መሆኑን፣ ነፋስ የማይገባ መሆኑን፣ ከዚህ ሆኖ ቆላውን ማየት እንደሚቻል ራሳቸው ይደርሱበታል። መምህሩ አሥር ደቂቃ ከሚያብራራው ይህ ይበልጣል።

ሽማግሌ ሲገኙ በአክብሮት ይጠየቁ፤ ልጆቹ በወላይትኛ ቢጠይቁ ደግሞ መልሱ ይሰፋል። «አባባ፣ ልጅ ሳሉ ይህን ቦታ ሰው ለምን ይጠቀምበት ነበር?» የተባለው ሁሉ በደብተር ይስፈር።

ዋናው ሕግ ግን አንድ ነው። ምንም አይነካ፣ ምንም አይቆፈር፣ ምንም አይጻፍ! ከላይ ባነሣነው በሱንዮን አምድ ላይ የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የሎርድ ባይረን ስም ተቀርጾ ይታያል። ግሪክን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘው እ.ኤ.አ. ከ1809 እስከ 1811 ባለው ጊዜ ነበር። የተማረ ሰው፣ ግሪክንም የሚወድ ሰው ነበር። ስሙ ግን ሁለት መቶ ዓመት አልፎት እዚያው አለ። አለት ላይ ስሙን በኖራ የሚጽፍ ተማሪያችን ከእርሱ የባሰ ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚጽፈው፤ ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው።

መ. አንድ ስሕተት

ይህን የምንለው እኛ ንጹሕ ሆነን አይደለም። በአንድ ወቅት በቡድን ሄደን ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ትንሽ የባልጩት ስባሪ በኪሱ ይዞ መጣ። ለክፉ አላሰበም፤ «ለማስተማሪያ ትሆናለች» ብሎ ነው። ማታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ከበብናት። ጠርዟ ስለታም ነው። ሰው የጠረባት ትመስላለች። ከየትኛው ንብርብር ናት? አናውቅም። አጠገቧ ምን ነበር? ከሰል ነበር ወይ? አናውቅም። የ40,000 ዓመት ትሁን ወይም ጎርፍ ትናንት ከሌላ ቦታ ያመጣት ትሁን የሚነግረን አልነበረም። ባለችበት ብትቀር ኖሮ አንድ ተመራማሪ ይህን ሁሉ ሊያነብባት ይችል ነበር። በኪስ ስትገባ ተራ ድንጋይ ሆነች።

ልጁ በማግሥቱ ድንጋይዋን ይዞ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስረከበ፤ ያነሣበትንም ቦታ በሥዕል አሳየ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ያለ ፈቃድ ቁፋሮን ከልክሎ፣ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል። ከእኛ መካከል ግን ከአዋጁ ይልቅ ያቺ ማታ ያስተማረችን ትበልጣለች። ንብርብር አንድ ጊዜ ብቻ የሚነበብ ገጽ ነው፤ ሲቆፈር አብሮ ይጠፋል። ተመራማሪ እንኳ እየለካ፣ እየሣለ፣ እየመዘገበ የሚቆፍረው ለዚህ ነው።

ሠ. ከተመለሱ በኋላ

ብዙ መምህራን ጉብኝቱ ሲያልቅ ትምህርቱም አለቀ ይላሉ። ትልቁ ትምህርት ግን ገና ነው። በሞቼና ቦራጎ ከተገኙት መሣሪያዎች መካከል መፋቂያዎች አሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በእኛው በወላይታም ጭምር፣ ባልጩት ጠርበው በእንጨት እጀታ ላይ ሰክተው ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደነበሩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ምሁራን ጥንታዊ መሣሪያዎችን ለመረዳት እነዚህን ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ጠይቀዋል፤ ከእነርሱም ተምረዋል።

እኛስ? «ፋቂ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገነዋል። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ንቀን፣ ከእርሱ ጋር መብላትና መጋባት ነውር ያልንበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ርዝራዡ አልጠፋም። አንድ መምህር በክፍሉ ከተቀመጡት ልጆች መካከል አባቱ ወይም አያቱ በዚህ ሙያ የኖሩ ልጅ ላለመኖሩ ምን ማረጋገጫ አለው? ያ ልጅ ስለ ድንጋይ ዘመን ጥበብ ስናደንቅ ይሰማል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ጓደኞቹ በዚያው ጥበብ ሲሰድቡት ይሰማል። መምህሩ ሁለቱን ካላገናኘ ያስተማረው ግማሹን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ አንድ አዛውንት የእጅ ባለሙያ ተጋብዘው ሥራቸውን ቢያሳዩ መልካም ነው። እንግዳው እንደ ማንኛውም መምህር በክብር ይቀበሏቸው፤ ወንበር ይቅረብላቸው፤ ተማሪዎች ተነሥተው ይቁሙላቸው። ማንም ልጅ ግን «ያንተ አባት አይደሉም ወይ ይህን የሚሠሩት?» ተብሎ በክፍል ፊት እንዳይጠየቅ ጥንቃቄ ይደረግ። ልጁ ራሱ በኩራት ከተናገረ ትምህርቱ ግቡን መትቷል።

መልመጃ

1. በምትመደቡበት አካባቢ በግማሽ ቀን ተደርሶ የሚመለሱበት አንድ ጥንታዊ ቦታ ምረጡ። ለአንድ ክፍል የሚሆን የጉዞ ዕቅድ አውጡ።
2. በ5 ሜትሩ ገመድ ላይ የቤተሰባችሁን ሦስት ትውልድ አስቀምጡ። ስንት ሚሊ ሜትር ወሰደ?
3. ተማሪያችሁ ከጉብኝት ቦታ ድንጋይ በኪሱ ይዞ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? በክፍል ፊት ትቆጡታላችሁ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?
4. በክፍላችሁ አንድ ተማሪ ሌላውን በወላጁ ሙያ ቢሰድበው፣ በዚያው ቀን ምን ትሠራላችሁ?

መልሳችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።