የቀለጠ አሉሚኒየም ስንት ዲግሪ ነው? የሙቀት መለኪያ መያዣ አሠራር

ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን በቀለሙ ይነግረናል። ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል፤ እየጋለ ሲሄድ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል። አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ ይህን ቀለም እያነበቡ ሠርተዋል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቀልጦም በቀን ብርሃን ሲያዩት እንደ ብር ያበራል እንጂ አይቀላም። ልምድ የሌለው ዓይን ገና የቀለጠውንና ከመጠን በላይ የጋለውን መለየት አይችልም።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሙቀቱ ካነሰ አሉሚኒየሙ የአሸዋውን ቅርጽ ሳይሞላ መንገድ ላይ ይረጋል። ከበዛ ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ሃይድሮጅን ይስባል፤ ሲረጋ ጋዙ መውጫ ያጣና ዕቃው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ይሆናል። ለአብዛኛው ሥራ የሚፈለገው ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ያለው ጠባብ ክልል ነው። እዚህ ናይሮቢ በጁዋ ካሊ ሠፈሮች ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ዕቃ የሚያወጡ ፉንዲዎች ይህን ክልል ከዓመታት ልምድ ያውቁታል። የሳይንስ ክበባችን ልጆች ያን ያህል ዓመት ስለሌላቸው መለኪያ ያስፈልጋቸዋል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ዓይነት ሽጉጥ መሳይ መለኪያ ለምን አንጠቀምም ብለው ነው። የዚያኛው መጠን ለሰው ገላ የተወሰነ ነው፤ ለፋብሪካ የሚሠራውም ቢሆን ከዕቃው የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ነው የሚያነብ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ጨረሩን በስስት ነው የሚለቀው፤ ስለዚህ መሣሪያው ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ዝቅተኛ ቁጥር ያየ ልጅ ደግሞ እሳት ይጨምራል።

የሚሻለው ቴርሞኮፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዜቤክ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን በሁለት ጫፍ አገናኝቶ አንዱን ጫፍ ሲያሞቅ አጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ሲንቀሳቀስ አየ። የዛሬው ቴርሞኮፕል የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ኬ ዓይነት የሚባለውን ነው፤ ሁለቱም ሽቦዎች በብዛት ኒኬል ሲሆኑ አንዱ ክሮሚየም፣ ሌላው አሉሚኒየም ተቀላቅሎበታል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት የሚሰጠው ወደ 41 ማይክሮቮልት ብቻ ነው። «ልዩነት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ቴርሞኮፕል የሚለካው የጋለውን ጫፍ ብቻውን ሳይሆን በጋለው ጫፍና መለኪያው በተሰካበት ጫፍ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ባለ 3 ሚሊሜትር ቴርሞኮፕሉ በገበያ ይገኛል። በገበያ የማይገኘው ለኛ ማቅለጫ የሚሆን መያዣ ነው፤ እሱን መሥራት የክበቡ ድርሻ ነው። ቴርሞኮፕሉን እንዲሁ ብንነክረው የቀለጠው አሉሚኒየም ቀጭኑን ብረት ልባሱን ይበላዋል። አዎ፣ ይበላዋል፤ አሉሚኒየም ብረትን የሚያሟሟው ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው ዓይነት ነው፣ በዝግታ ቢሆንም። የተሟሟው ብረት ደግሞ ዕቃውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚነከረው ጫፍ ከግራፋይት ይሠራል። አሉሚኒየም ግራፋይት ላይ አይጣበቅም፤ ግራፋይትም ድንገተኛ ሙቀት አይሰነጥቀውም። 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ መሐሉን በ4 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ እንበሳዋለን፤ ግን እስከ ታች አናዘልቀውም፣ 1 ሴንቲሜትር ይቀራል። ግራፋይት ለስላሳ ስለሆነ መብሳቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዱቄቱ ነው። አፍና አፍንጫ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍም ኮምፒውተር ክፍል አጠገብ አይሠራም።

ይህ ጫፍ 4 ሴንቲሜትር ያህል የብረት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከጎን በትንሽ ብሎን ይጠበቃል። ቱቦውን ከካሙኩንጂ ስትገዙ ዚንክ የተለበጠውን የውኃ ቱቦ አትውሰዱ። ርካሽ ነው፣ ያምራልም፤ ነገር ግን ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጭስ ብርድ ብርድ የሚልና የሚያተኩስ በሽታ ያመጣል። ጥቁሩን ቱቦ ጠይቁ። ቱቦው እንደ ጉልበት በቀኝ ማዕዘን ይታጠፋል፤ 25 ሴንቲሜትሩ ወደ ታች፣ 70 ሴንቲሜትሩ ወደ ጎን። ቀጥ ያለ ዘንግ የያዘ እጅ ከምድጃው አናት ላይ ይሆናል፤ በታጠፈው ግን የያዘው ሰው ወደ ጎን ቆሞ ይለካል። ከእጀታው ፊት እንደ ሰሃን የተቆረጠ ቆርቆሮ ይደረጋል፣ እጀታው ደረቅ እንጨት ነው። ሽቦዎቹ ቱቦው ውስጥ እንዳይነካኩ የሸክላ ዶቃ እንሰካባቸዋለን፤ ዶቃው ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ከአሮጌ ካውያ ይገኛል።

አሁን ወደዚያች «ልዩነት» እንመለስ። ቴርሞኮፕሉ አጭር ነው ተብሎ ከእጀታው እስከ መለኪያው በተራ የመዳብ ሽቦ ቢቀጠል፣ እውነተኛው ቀዝቃዛ ጫፍ እጀታው ላይ ያለው መጋጠሚያ ይሆናል። መጋጠሚያው 60 ዲግሪ ቢሞቅና መለኪያው ያለበት ቦታ 25 ቢሆን፣ መለኪያው ስለማያውቅ 35 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ መቀጠያውም የኬ ዓይነት ሽቦ መሆን አለበት። ቀለሙንም ተጠንቀቁ፤ በአሜሪካ ደንብ ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው፤ ከባትሪ ከለመድነው ተቃራኒ። ጫፉን በጣታችሁ ስትይዙት ቁጥሩ ከወረደ ሽቦው ተገላብጧል።

መፈተኛው የሚፈላ ውኃ ነው። ግን ማንም ልጅ 100 ዲግሪ እንዲጠብቅ አልፈልግም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በረዶ በሞላበት ውኃ ደግሞ 0 ማሳየት አለበት። ሁለቱም ፈተናዎች የሚደረጉት ባዶው ቴርሞኮፕል መያዣው ውስጥ ሳይገባ በፊት ነው። ምክንያቱን ከሁሉ በላይ ወላጆች እንዲያነቡልኝ እወዳለሁ።

ውኃ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ያድጋል። ከቀለጠው አሉሚኒየም ሥር የገባች አንዲት ጠብታ መውጫ ስታጣ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ትረጨዋለች፤ የሚረጨው በ700 ዲግሪ ያለ ብረት ነው። ጠብታዋ የምትመጣው ደግሞ ከባልዲ አይደለም። መጋዘን ያደረ ግራፋይት የሳበው እርጥበት ይበቃል። ስለዚህ የመያዣው ጫፍ ከመነከሩ በፊት ከምድጃው አፍ በላይ ተይዞ በደንብ እስኪግል ይጠበቃል፤ የቴርሞኮፕሉ ቁጥር ራሱ 200 ዲግሪ እስኪያልፍ ድረስ ማንም አያወርደውም። ቱቦው ውስጥ የታፈነ እርጥብ አየር እንዲወጣም ከጉልበቱ አጠገብ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሳለታል። መሬቱ ደረቅ አሸዋ ይሁን፤ ሲሚንቶ ውስጡ ውኃ ስለሚይዝ የፈሰሰበት ብረት ያፈነዳዋል።

በክበቡ ደንብ ተማሪዎች መያዣውን ይሠራሉ፣ ሽቦውን ይዘረጋሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ቁጥሩን ራቅ ብለው ያነባሉ። የሚነክረውና የሚያፈሰው የቆዳ ጫማ፣ ወፍራም የጥጥ ልብስና የፊት መከለያ ያደረገ አዋቂ ነው። ናይሎን የለበሰ አይቀርብም። የምናወጣውም ጌጥና የበር እጀታ እንጂ ድስት አይደለም፤ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ከቁርጥራጭ በተሠሩ ድስቶች ላይ እርሳስ ተገኝቷልና።

ሲለካ ጫፉ 6 ሴንቲሜትር ያህል ይጠልቃል፣ ታችኛውንም ጎኑንም አይነካም፤ ብረቱ ቱቦ ከፈሳሹ በላይ ይቀራል። ግራፋይቱ ወፍራም ስለሆነ ቁጥሩ የሚወጣው በዝግታ ነው፤ መቆሙን ሳታዩ አትጻፉት። ግራፋይት ሲግል አየር ላይ ጥቂት በጥቂት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ውፍረቱ ተለክቶ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ከ16 ወደ 12 ሚሊሜትር ሲወርድ አዲስ ጫፍ ይሰረሰራል።