ስለ አጠውልግ በሽታና ስለ አፈር ወዳጅ ባክቴሪያዎች

በሆሣዕና ዙሪያና በሐዲያ በከምባታም መንደሮች የቤት ጓሮ ማለት እንሰት ማለት ነው። እንሰትም ለቆጮ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነውና፥ አጠውልግ የገባበት ቤት የሚያጣው የአንድ ክረምት ሰብል ሳይሆን የብዙ ዓመት ጎተራውን ነው።

ይህን በሽታ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በ1960 ዓ.ም. ገለጡ። በከምባታ ሐደሮና ጡንጦ አካባቢ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሌላ ባክቴሪያ ዝንጅብሉን አጠወለገው፤ በዝንጅብል ዋጋ ልጁን የሚያስተምረው ገበሬም እጅግ ተጎዳ።

ነገር ግን ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። በአንድ የሻይ ማንኪያ ለም አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ይኖራሉ፤ የሚበዙትም ተክልን አይጎዱም። ከነዚህም ባሲለስና ሱዶሞናስ ከሚባሉት ወገኖች አንዳንዶቹ በሥር ላይ ሰፍረው ቦታውንና ምግቡን አስቀድመው ይይዛሉ፤ ጠላትን የሚገድል ነገርም ያመነጫሉ፤ ተክሉም ራሱን ለመከላከል እንዲነቃ ያደርጉታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ስትሬፕቶማይሲን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው።

በአገራችንም ፍቅሬ ለሜሳና ዜለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሥር አካባቢ የተወሰዱ ባክቴሪያዎችን መርምረው፥ አንዳንዶቹ የቲማቲምን አጠውልግ እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። የቲማቲሙንና የዝንጅብሉን አጠውልግ የሚያመጣው ራልስቶኒያ የተባለ አንድ ወገን ስለሆነ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ሆኖም በማሰሮ አፈር የተሳካው ሁሉ በእርሻ አይሳካም፤ በእርሻ ላይ ዝናቡም ሙቀቱም በአፈር ውስጥ ያሉት ሌሎች ሕያዋንም ይለዋወጣሉና። ስለዚህ የታመመ እንሰት የሚያድን ዱቄት አለኝ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ሽማግሌዎች አይመኑት።

እስከዚያው ድረስ ቢላዋ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ይለብለብ፤ በሽታው በብዛት የሚተላለፈው በእርሱ ነውና። ልብ ቅጠሉ የጠወለገና ሲቆረጥ ቢጫ መሳይ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣ እንሰት ተነቅሎ ይቀበር፤ ለከብት አይሰጥ፥ በፍግ ክምርም ላይ አይጣል። ማዚያ የተባለውን በሽታ የሚችል ዝርያ ማግኘት የሚችል ይትከል። እናቶች በየጊዜው ወደ እንሰት ሥር የሚያወጡት ፍግም ወዳጆቹን ባክቴሪያዎች ይመግባልና አይቋረጥ።

መምህሩ ይህን ለልጆች ለማሳየት ቢፈልግ አበባ የያዘ ባቄላ ከነሥሩ ቀስ ብሎ ይንቀል። በሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እብጠቶች ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። እነዚህ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉን ይመግባሉ እንጂ እንደ ፊተኞቹ በሽታን አይጠብቁም፤ ነገር ግን የባክቴሪያ ወዳጅነት በዓይን የሚታየው በእነርሱ ነው። እብጠቱ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ብሎ ከታየ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን አቁመዋል።